አፖፊስን ግቢያችሁ ውስጥ ሳሉት

ሚያዝያ 5 ቀን 2021 ዓ.ም. ዓርብ ነው። ፋሲካ በዚያ ዓመት መጋቢት 30 ስለሚውል የፋሲካ ሳምንት ዓርብ ነው። ጾም የለም፣ ቤቱም በእንግዳ የተሞላ ነው። የዚያን ዕለት ሌሊት አፖፊስ የሚባል አስትሮይድ ከምድር ገጽ በ32,000 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቀት ያልፋል። በአማካይ 340 ሜትር ገደማ ስፋት ያለው ድንጋይ ነው። ጣሪያችሁ ላይ ያለው ዲሽ ምስሉን የሚቀበለው 36,000 ኪሎ ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ካለ ሳተላይት ነው። አፖፊስ ከዚያ ከፍታ በታች ነው የሚያልፈው። ሰማዩ ከጠራ ደግሞ ጎንደር ላይ ቆመን በዓይናችን ብቻ እናየዋለን።

እኔ የፊዚክስ መምህርት ነኝ። ተማሪዎቼ ስለዚህ ድንጋይ የሚሰሙት ከቲክቶክ ነው። ቪዲዮው ላይ ምድር ስትቃጠል ያዩና «ቲቸር፣ እውነት ዓለም ሊያልቅ ነው?» እያሉ ይመጣሉ። አያልቅም። ግን «አያልቅም» ማለት ብቻውን ልጅን አያሳምንም፤ ትልቅ ሰውንም አያሳምንም። የድንጋዩን ምሕዋር በገዛ እጁ መሬት ላይ የሳለ ልጅ ግን የት እንዳለ፣ መቼ እንደሚመጣ፣ ለምን እንደማይነካን ራሱ ቆሞ ያስረዳል። ስለዚህ አሳሳሉን ልንገራችሁ። ከሰዓት በኋላ ጀምራችሁ ከመምሸቱ በፊት ትጨርሳላችሁ። ቀኖቹን ሁሉ በእኛ አቆጣጠር ነው የምጽፈው።

የሚያስፈልጋችሁ ሦስት ሜትር በሦስት ሜትር የሆነ ደልዳላ ቦታ፣ ሦስት ረጃጅም ሚስማር፣ መዶሻ፣ ሜትር፣ የማይለጠጥ ክርና ሁለት ዓይነት ቀለም ያላቸው ጠጠሮች ናቸው። ክሩ ላይ አትቆጥቡ። ሲሳብ የሚለጠጥ ገመድ መስመሩን ያወላግደዋል፤ ግንበኞች ግድግዳ የሚያስተካክሉበት ክር ከሁሉ ይሻላል። ግቢያችሁ ሲሚንቶ ከሆነ በጠመኔ ሳሉ። እኛ ቁስቋም ያለው ግቢያችን አፈር ስለሆነ በሚስማር ጫር እናደርግና ጭረቱ ላይ አመድ እንነሰንስበታለን። አመዱ በደንብ ይታያል፣ ንፋስ ካልመጣ ደግሞ ቀኑን ሙሉ ይቆያል።

ልኬቱ እንዲህ ነው። መሬት ላይ 1 ሜትር ማለት ከፀሐይ እስከ ምድር ያለው ርቀት፣ 150 ሚሊዮን ኪሎ ሜትር ነው። 1 ሳንቲም 1.5 ሚሊዮን ኪሎ ሜትር ይሆናል፤ 1 ሚሊ ሜትር ደግሞ 150,000። ይቺን ሚሊ ሜትር አደራ ያዙልኝ፣ ወደ መጨረሻው እንፈልጋታለን።

መጀመሪያ አንዱን ሚስማር መሐል ላይ ምቱ። ይህ ፀሐይ ነው። በ1 ሜትር ክር ዙሪያውን ክብ ሳሉ። ይህ የምድር መንገድ ነው። የምድር ምሕዋር ፍጹም ክብ ባይሆንም በዚህ ልኬት ልዩነቱ ከ2 ሳንቲም አይበልጥም፣ ተዉት።

አሁን ክቡን ወደ ቀን መቁጠሪያ ለውጡት። የክቡ ዙሪያ 628 ሳንቲም ነው። ለ365 ቀን ሲካፈል ምድር በቀን 1.72 ሳንቲም ትሄዳለች። እዚህ ላይ የእኛ አቆጣጠር እንዴት እንደሚመች ታያላችሁ። ወሮቻችን እኩል 30 ቀን ስለሆኑ እያንዳንዱ ወር 51.6 ሳንቲም ብቻ ነው። 31 ነው፣ 28 ነው እያሉ መጨነቅ የለም። ከመስከረም 1 ተነሱና አሥራ ሁለት ጊዜ 51.6 ለኩ። መጨረሻ ላይ 8.6 ሳንቲም ትተርፋለች። ያቺ ጳጉሜ ናት። ልጆቹ ጳጉሜን በጣታቸው ሲለኩ ማየት ደስ ይላል። አቅጣጫውን ብቻ አትሳቱ፤ ምድር ከሰሜን በኩል ሲያዩዋት የምትዞረው ከሰዓት ቆጣሪ በተቃራኒ ነው።

ሚያዝያ 5 ላይ ጉልህ ምልክት አድርጉ።

ቀጥሎ የአፖፊስ መንገድ። የእሱ ሞላላ ነው። ለፀሐይ በጣም ሲቀርብ ርቀቱ በእኛ ልኬት 74.6 ሳንቲም ነው፣ በጣም ሲርቅ 109.9። ስለዚህ ከምድር መንገድ ወደ ውስጥ ይገባል፣ ትንሽ ደግሞ ወደ ውጭ ይወጣል። ሞላላ ለመሳል ሁለት ሚስማር ያስፈልጋል። አንዱ ፀሐይ ነው፣ ቀድሞ ተመቷል። ሁለተኛውን የት እንምታ?

ከሚያዝያ 5 ምልክት ተነሱና በምድር ጉዞ አቅጣጫ ክቡን ተከትላችሁ 2 ሜትር ከ21 ሳንቲም ለኩ። ክሩን በቀጥታ አትወጥሩት፣ በአመዱ መስመር ላይ አስተኙት። ነሐሴ አጋማሽ አካባቢ ትደርሳላችሁ። አፖፊስ ለፀሐይ የሚቀርበው በዚህ በኩል ነው። ከዚህ ነጥብ ክር ወጥራችሁ በፀሐይ ሚስማር ላይ አሳልፉና ፀሐይን አልፋችሁ 35.2 ሳንቲም ላይ ሁለተኛውን ሚስማር ምቱ። ሦስቱ ነጥቦች አንድ ቀጥ ያለ መስመር ላይ መሆን አለባቸው።

አሁን ክሩን ጫፍና ጫፉን ቋጥራችሁ ቀለበት አድርጉት። ቋጠሮው ሳይቆጠር የቀለበቱ ዙሪያ 2 ሜትር ከ20 ሳንቲም ይሁን። ሁለቱም ሚስማሮች ላይ አጥልቁት፣ በሦስተኛ ሚስማር ወጥሩትና እንደተወጠረ ዙሩ። አንድ ልጅ የፀሐይን ሚስማር በእጁ ደግፎ ይያዝ፤ ክሩ ሲጎትተው ያጋድላል። አንዱ ደግሞ ክሩ ከመሬት ከፍ እንዳይል ይከታተል። ስትጨርሱ ለኩ። ቅርቡ 74.6 አካባቢ፣ ሩቁ 110 አካባቢ ከሆነ ትክክል ነው። ከ2 ሳንቲም በላይ ከተሳተ ቋጠሮው ተንሸራቷል ማለት ነው፣ ድገሙት።

ሁለቱ መንገዶች ሁለት ቦታ ላይ ሲሻገሩ ታያላችሁ። አንዱ ሚያዝያ 5 ላይ ነው። ሌላው ታኅሣሥ አጋማሽ ገደማ። ልጆቹ ጸጥ የሚሉት እዚህ ላይ ነው። «ይኸው ይገናኛሉ!» ይላሉ።

አይገናኙም፣ ምክንያቱም ሁለት ነው።

አንደኛው፣ ግቢያችን ጠፍጣፋ ቢሆንም የአፖፊስ ምሕዋር ከምድር ምሕዋር ጋር አንድ ጠፍጣፋ ላይ አይደለም። በ3.3 ዲግሪ ገደማ ያጋደለ ነው። በታኅሣሡ መሻገሪያ ላይ ስትሠሩት አፖፊስ ከምድር መንገድ 5.6 ሳንቲም በታች ያልፋል። አንድ ልጅ እዚያ ቦታ ላይ ይህን ያህል ጥልቀት ያለው ጉድጓድ ይቆፍርና ጠጠሩን ከሥሩ ያስቀምጥ። ያ ጉድጓድ ከ8 ሚሊዮን ኪሎ ሜትር በላይ ነው። ስለዚህ መሬት ላይ የተሻገረ የሚመስለው ነገር በእውነቱ ጭራሽ አይነካካም። አፖፊስ የምድርን ጠፍጣፋ ከታች ወደ ላይ የሚበሳው ሚያዝያ 5 ላይ ነው። እውነተኛው መሻገሪያ ያ ብቻ ነው።

ሁለተኛው ምክንያት ጊዜ ነው። መንገድ ተሻገረ ማለት መንገደኛ ተገናኘ ማለት አይደለም። ሁለቱም በአንድ ሰዓት እዚያ መገኘት አለባቸው። ምድር አንድ ዙር በ365 ቀን ከሩብ ትጨርሳለች። አፖፊስ በ323.6 ቀን ገደማ። ስለዚህ በየዙሩ 42 ቀን ገደማ ይቀድማታል። ይህን በጠጠር አሳዩ። ቀዩን ጠጠር መሻገሪያው ላይ አድርጉ። አፖፊስ ከሚያዝያ 5 ቀን 2021 አንድ ዙር በፊት እዚህ ነጥብ ላይ የሚሆነው ግንቦት 17 ቀን 2020 ገደማ ነው። ታዲያ ምድር በዚያ ቀን የት ናት? ነጩን ጠጠር ግንቦት 17 ላይ አስቀምጡ። በመካከላቸው 72 ሳንቲም አለ፤ ከ100 ሚሊዮን ኪሎ ሜትር በላይ ነው። አሁንም አንድ ዙር ወደ ኋላ ሂዱ። ሰኔ 29 ቀን 2019 ይመጣል። ነጩ ጠጠር ጭራሽ ራቀ።

የሠፈራችን መሪጌታ አንድ ቀን ሲያልፉ ገብተው ይህን ሥራ ቆመው አዩ። ጠጠሮቹን ከግንቦት ወደ ሰኔ ሳዛውር ተመለከቱና «ልጄ፣ ይህማ አበቅቴ ነው» አሉኝ። እውነታቸውን ነው። የጨረቃ ዓመት ከፀሐይ ዓመት በ11 ቀን እንደሚያንስና ትርፉ እየተጠራቀመ እንደሚሄድ ሁሉ፣ የአፖፊስ ዓመትም በ42 ቀን ያንስና ትርፉ ይጠራቀማል። ባሕረ ሐሳብ የተማረ ሰው ቀሪውን በቃሉ ያሰላዋል። 42 በ42 እየሄዱ የ365 ቀን ክብ ለመሙላት ዘጠኝ ዙር ገደማ ይፈጃል፣ ማለትም ወደ 8 ዓመት የሚጠጋ ጊዜ። አፖፊስ ወደ ምድር ጠጋ ያለባቸውን ጊዜያት ተመልከቱ፦ ታኅሣሥ 1997፣ ጥር 2005፣ የካቲት 2013፣ ቀጥሎ ሚያዝያ 2021። በየስምንት ዓመቱ ነው።

ከእነዚህ መካከል የ1997ቱን ልጆቹ ማወቅ አለባቸው፣ የፍርሃቱ ምንጭ እሱ ነውና። አፖፊስን ያገኙት ሮይ ታከር፣ ዴቪድ ቶለንና ፋብሪዚዮ በርናርዲ ናቸው፤ ሰኔ 12 ቀን 1996፣ አሪዞና ካለው የኪት ፒክ የምርምር ጣቢያ። በቀጣዩ ዓመት፣ ታኅሣሥ 1997 ላይ፣ በእጅ የነበረው ምልከታ ጥቂት ስለነበር በ2021 ምድርን የመምታት ዕድሉ እስከ 2.7 በመቶ ተሰልቶ ነበር። ለእንዲህ ዓይነት አደጋ በሚያገለግለው ከ0 እስከ 10 ባለው የቶሪኖ መለኪያ 4 ደረሰ። ከዚያ በላይ የደረሰ አስትሮይድ እስካሁን የለም። ብዙም ሳይቆይ ተጨማሪ ምልከታ መጣና የ2021ዱ ስጋት ተሰረዘ። ቪዲዮዎቹ የሚያወሩት ያኔ ስለተሰረዘው ቁጥር ነው።

እርግጠኛነቱ ከየት መጣ ለሚል፣ ያቺን ሚሊ ሜትር አሁን አምጧት። አፖፊስ በሚያዝያው ሌሊት ከምድር እምብርት 38,000 ኪሎ ሜትር ርቆ ያልፋል። በግቢያችን ልኬት ይህ የሚሊ ሜትር ሩብ ነው። ምድር ራሷ ከሚሊ ሜትር አንድ አሥረኛ ታንሳለች። የአመዳችን መስመር ግን አንድ ሳንቲም ይወፍራል። ስለዚህ ሥዕላችን መቼና የት እንደሚመጣ ያሳያል እንጂ «በስንት ይስታል» ለሚለው መልስ አይሰጥም። ይህን ለልጆቹ ሳትደብቁ ንገሯቸው። ለዚያ ጥያቄ ራዳር አለ። በ2013 የካቲት መጨረሻና መጋቢት መጀመሪያ፣ አፖፊስ 17 ሚሊዮን ኪሎ ሜትር ገደማ ርቆ ሳለ (በግቢያችን 11 ሳንቲም)፣ ካሊፎርኒያ ካለው የጎልድስቶን አንቴና የራዲዮ ሞገድ ተላከበት። ነጥሮ የተመለሰውን ዌስት ቨርጂኒያ ያለው የግሪን ባንክ የራዲዮ ቴሌስኮፕ ተቀበለው። ሞገዱ ደርሶ እስኪመለስ የፈጀው ጊዜ ሲለካ ርቀቱ ይታወቃል። በ2021 የሚያልፍበት ቦታ ላይ የነበረው ጥርጣሬ ከመቶዎች ኪሎ ሜትር ወደ ጥቂት ኪሎ ሜትር ወረደ። ቢያንስ ለ100 ዓመት እንደማይመታን የተነገረውም በዚህ ነው።

ከሁሉ የሚያስደንቀኝ ሌላ ነው። ፀሐይ የድንጋዩን አንድ ጎን ታሞቀዋለች። ያ ሙቀት ወደ ህዋ ሲወጣ ድንጋዩን በጣም በቀስታ ይገፋዋል። በዚህ የተነሳ ምሕዋሩ በዓመት 200 ሜትር ገደማ ይጠብባል። ይህም ተለክቶ ሒሳቡ ውስጥ ገብቷል።

ሌሊቱን ማየት

ከሥዕሉ ወደ ሰማዩ እንሂድ። አፖፊስ ለምድር በጣም የሚቀርበው በእኛ ሰዓት ከሌሊቱ 6:46 ገደማ ነው። ግን እስከዚያ ሰዓት አትጠብቁ። ድንጋዩ ከህንድ ውቅያኖስ በኩል መጥቶ አፍሪካን ይሻገርና በዚያ ሰዓት አትላንቲክ ላይ ይሆናል። ለጎንደር ሰው ወደ ምዕራብ አድማስ ወርዷል ማለት ነው፤ ተራራ ወይም ቤት ሊጋርደው ይችላል። ለእኛ ጥሩው ጊዜ ከዚያ በፊት ያሉት ሰዓታት ናቸው። ከምሽቱ 3 ሰዓት ጀምራችሁ ውጡ። መንገዱ ከደቡብ ሰማይ ወደ ሰሜን ምዕራብ ነው። በፈጠነበት ጊዜ በሰዓት እስከ 40 ዲግሪ ይሄዳል። እጃችሁን ዘርግታችሁ ጡጫችሁን ስታዩት 10 ዲግሪ ገደማ ይጋርዳል። ስለዚህ በሰዓት አራት ጡጫ ነው። ከአውሮፕላንና ከተራ ሳተላይት በጣም ይዘገያል፣ አይበልጭም፣ ግን ከኮከቦቹ አጠገብ ሲንቀሳቀስ በደቂቃዎች ውስጥ ይታወቃል።

ድምቀቱ መካከለኛ ኮከብ ያህል ነው። ዓይናችሁን ከአሁኑ አለማምዱ። በሚያዝያ ምሽት ወደ ሰሜን ብታዩ የጭልፋ ቅርጽ ያላቸው ሰባት ኮከቦች ከፍ ብለው ይታያሉ። እጀታው ከጭልፋው ጋር የሚገናኝበት ኮከብ ከሰባቱ ደብዛዛው ነው። አፖፊስ ሲደምቅ ያንን ያክላል ወይም ትንሽ ይበልጠዋል። ያንን ኮከብ ከግቢያችሁ ማየት ከቻላችሁ አፖፊስንም ታያላችሁ፣ ማታ ከከተማ መውጣት አያስፈልግም። ማየት ካልቻላችሁ የጎረቤትን የውጭ አምፖል ለዚያች ሌሊት እንዲያጠፉ ከአሁኑ ለምኑ። ስልክ ኪስ ውስጥ ይግባ፣ ዓይን ጨለማውን ለመልመድ 20 ደቂቃ ይፈልጋል። ጨረቃ በዚያ ቀን አዲስ ስለሆነች አትረብሽም። ሚያዝያ ደመና አልፎ አልፎ ቢያመጣም ክረምት አይደለም፣ ተስፋ አለ። ባይኖኩላር ያለው ይዞ ይምጣ። ቴሌስኮፕ ግን ሩጫውን ለመከተል ያስቸግራል።

ትክክለኛውን የሰማይ ቦታ ለማወቅ በናሳ ሥር ያለው ጄፒኤል «ሆራይዘንስ» የሚባል ነፃ አገልግሎት አለው። የድንጋዩን ቁጥር 99942 ብላችሁ አስገቡ። ቦታውን ኬክሮስ 12.6 ሰሜን፣ ኬንትሮስ 37.47 ምሥራቅ፣ ከፍታ 2.1 ኪሎ ሜትር በሉት፣ ጎንደር ነው። አቅጣጫንና ከአድማስ በላይ ያለውን ከፍታ በየ10 ደቂቃው እንዲሰጣችሁ ጠይቁ። አቅጣጫው ከሰሜን ይጀምራል፦ 90 ምሥራቅ፣ 180 ደቡብ፣ 270 ምዕራብ። ሰዓቱ የሚሰጠው በዓለም አቀፍ ሰዓት ነው። ወደ እኛ አቆጣጠር ለመለወጥ 3 ቀንሱ፣ ከ12 በላይ ከሆነ 12 አንሱለት። 21:46 ሲል 18:46፣ ማለትም ከሌሊቱ 6:46። ሰንጠረዡን በወረቀት አትሙት፤ የዚያን ሌሊት ኔትወርክ ይኑር አይኑር ማን ያውቃል።

ሲነጋ ሥዕሉን ማስተካከል አለባችሁ። ምድር በስበቷ መንገዱን ስለምትቀይረው አሮጌው ሞላላ ከዚያ ቀን በኋላ አይሠራም። ቅርቡ 89 ሳንቲም፣ ሩቁ 131 ሳንቲም ይሆናል። አንድ ዙር ለመጨረስ 324 ሳይሆን 423 ቀን ገደማ ይፈጅበታል። ስለዚህ ከዚያ ወዲያ የሚቀድመው እሱ አይደለም፣ ምድር ናት። አሮጌውን አመድ ጥረጉ። ከሚያዝያ 5 ምልክት በ2 ሜትር ከ21 ፈንታ 1 ሜትር ከ25 ሳንቲም ገደማ ለኩ፣ ሰኔ አጋማሽ አካባቢ ነው። ከዚያ በፀሐይ ላይ አሳልፋችሁ ሁለተኛውን ሚስማር ከፀሐይ 42 ሳንቲም ላይ ምቱ። የክሩን ቀለበት ወደ 2 ሜትር ከ62 ሳንቲም አስረዝሙ። አዲሱ ምሕዋር ሰፋ ስለሚል ቦታው ሦስት ሜትር ብቻ ከሆነ የፀሐይን ሚስማር ከመጀመሪያው ወደ ሰኔው በኩል ትንሽ ጠጋ አድርጋችሁ ምቱት።